የአል ቁዝ ገንዘብ ሚኒስትር

በሻይ ብርጭቆው ውስጥ ስምንት ጥቅል ወረቀቶች አሉ። ብርጭቆውን የያዘው ልጅ አፉን በመዳፉ ከድኖ ሦስት ጊዜ ናጠና በታችኛው አልጋ ጫፍ ወደተቀመጠው የክፍሉ ታናሽ ዘረጋው። «አውጣ፤ አንተ ገና ኃጢአት አልጀመርክም» አለው። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ታናሹ ከዱቲ መግባቱ ነው፤ የደንብ ልብሱን እንኳ አላወለቀም። አንዱን ጥቅል አንሥቶ ፈታና ስም አነበበ። ስሙ የተጠራው ሰው በላይኛው አልጋ ላይ ጋደም ብሎ ነበር፤ ደንግጦ ቀና ሲል ራሱ ጣሪያውን ገጨ። «አይዞህ፣ ስድስት ሺህ ድርሀም ነው የገጨህ» አለው ከማዶ አንዱ።

ቀኑ እሑድ፣ ሰዓቱ ከምሽቱ ሁለት፣ ቦታው ዱባይ፣ አል ቁዝ ነው። ሦስት ተደራራቢ አልጋ፣ አንድ ትንሽ ማቀዝቀዣ፣ በር ላይ የተደረደረ ጫማ፣ በመስኮቱ ብረት ላይ የተሰጣ ፎጣ። እቁቡ የአሥራ ሁለት ሰው ነው፤ ስድስቱ እዚሁ ያድራሉ፣ ስድስቱ ከጎረቤት ክፍሎች ናቸው። በወር 500 ድርሀም ይጣላል፤ የደረሰው 6,000 ይዞ ይወጣል። አራተኛ ወሩ ነው። ሦስት ሰው ከበላ የቀረው ዘጠኝ ነው፤ ብርጭቆው ውስጥ ግን ስምንት ወረቀት ብቻ መኖሩን ቆጥሬ ጠየቅሁ። ብርጭቆውን የናጠው ልጅ «የእኔ አይገባም ጋሼ፤ እኔ መጨረሻ ነኝ» አለኝ።

ልጁን የክፍሉ ሰዎች «ሚኒስትሩ» ይሉታል። የገንዘብ ሚኒስትር ማለታቸው ነው፤ የእቁቡ ጸሐፊ እሱ ስለሆነ። ሥራው የአንድ መጋዘን የሌሊት ጥበቃ ነው። በ2011 ዓ.ም. በአማራ ክልል ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች ከአንዱ በኢኮኖሚክስ ተመርቋል። ስሙንና የዩኒቨርሲቲውን ስም እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ «እናቴ ቢሮ የምሠራ ይመስላታል» ነው ያለኝ።

ለምን መጨረሻ እንደሆነ ለማስረዳት ከትራሱ ሥር ደብተር አወጣና አንድ መስመር አሰመረ። ሰው ብቻውን በወር 500 ቢያስቀምጥ 6,000 የሚሞላለት በአሥራ ሁለተኛው ወር ነው። እቁብ ሲገባ ግን አንዱ በመጀመሪያው ወር፣ ሌላው በሁለተኛው፣ ሦስተኛው በሦስተኛው እያለ ያገኛል። ማንም ከወትሮው የበለጠ አላወጣም፤ አሥራ አንዱ ሰው ግን ብቻውን ከሚያገኝበት ጊዜ ቀድሞ አገኘ። የማይቀድመው የመጨረሻው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ብቻውን ቢቆጥብ ከሚያገኝበት ወር አልዘገየም። «አንድ ሰው የግድ መጨረሻ መሆን አለበት። የእኔ ጉዳይ የሚቸኩል አይደለም» አለ።

ይህን ስሌት ሦስት ስመ ጥር የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት፣ ቲሞቲ ቤዝሊ፣ ስቲቨን ኮት እና ግሌን ላውሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው በተባለው ትልቅ መጽሔት ላይ በሒሳብ ቋንቋ አሳይተውታል። ሁለት ዓይነት እቁብ ለይተው ነው የመረመሩት፤ በዕጣ የሚወጣውንና በጨረታ የሚወሰነውን። አዲስ አበባ መርካቶ ያለ ነጋዴ ሁለቱንም ያውቃቸዋል። ዕጣው የደረሰው ሰው ገንዘቡ ካላስቸኮለው ለተቸገረው ይሸጥለታል፤ ከላይ የሚቀነሰው ገንዘብ ወለድ የሚለውን ስም ባይሸከምም ወለድ ነው። ሊቃውንቱ በጣም ያስጨነቃቸው ሌላ ጥያቄ ነበር፤ ቀድሞ የበላው ሰው ቀሪውን ወር መክፈሉን ማን ያረጋግጣል? መልሳቸው ከእኛ ዋስ ብዙ አይርቅም፤ የሚተዋወቁ ሰዎች እፍረትና መገለል።

አል ቁዝ ላይ ግን እፍረት ብቻውን አይበቃም። እዚህ ሰው ቪዛው ተሰርዞ በቀናት ውስጥ ወደ አገሩ ሊሳፈር ይችላል፤ ሳያጭበረብር፣ ሳይፈልግም። ስለዚህ ሚኒስትሩ የራሱን ደንብ አውጥቷል። ኮንትራቱ ከእቁቡ ቀድሞ የሚያልቅ ሰው አይገባም። ዕጣ የደረሰው ሰው ሁለት ዋስ ይጠራል፤ አንዱ ዋስ ከሌላ ኩባንያ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ኩባንያው ሠራተኛ ከቀነሰ ባለዕጣውም ዋሱም አብረው ይሄዳሉ። ይህን ሲነግረኝ ቀና ብዬ አየሁት። በመማሪያ መጽሐፍ ይህ የአደጋ ማከፋፈል ይባላል፤ የመድን ድርጅቶች ባለሙያ ቀጥረው የሚያሠሩት ነው።

«ይህን ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርከው?» አልሁት።

«እቁብ የሚለውን ቃል በሦስት ዓመት ውስጥ ክፍል ገብቶ ሰምቼው አላውቅም» አለ።

*

ቁዝ በዐረብኛ የአሸዋ ጉብታ ነው። ዛሬ ጉብታውም አሸዋውም የለም። ከሼክ ዛይድ መንገድ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ፣ ከሰማይ ጠቀሶቹ ጀርባ፣ ጋራዥ፣ ማተሚያ ቤት፣ የሲሚንቶ ማደባለቂያ፣ የልብስ ንጽሕና ቤትና መጋዘን ተደርድረው ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ደግሞ ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ሰው የሚያድርበት ካምፕ። ኢንዱስትሪያል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ተብሎ በቁጥር ተከፍሏል። ዱባይን የሚጎበኝ ሰው አል ቁዝን የሚያየው በሜትሮ መስኮት ነው፤ ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ ከዚያ የሚቀጥለው ጣቢያ።

እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ነበር ያየሁት። ኢኮኖሚክስ ተምሬያለሁ፤ ከሚኒስትሩ በአሥር ዓመት ቀድሜ፣ በሌላ ዩኒቨርሲቲ። ስለዚህ ስለ ትምህርቱ የምናገረው በከፊል የራሴን ጓዳ ነው።

ለብዙዎቻችን ኢኮኖሚክስ ምርጫችን አልነበረም። በእኔ ጊዜ ዲፓርትመንት ሲሞላ አንደኛ ሕግ፣ ሁለተኛ አካውንቲንግ፣ ሦስተኛ ማኔጅመንት ይጻፋል፤ አራተኛው ላይ ኢኮኖሚክስ ይሰፍራል፤ ውጤት ሲለጠፍ አራተኛው ይደርሳል። ከዚያ የመጀመሪያው ቀን መምህሩ ሰሌዳው ላይ ትርጓሜ ይጽፋል፤ ፍላጎት ማለቂያ የለውም፣ ሀብት ግን ውስን ነው፣ ኢኮኖሚክስ የምርጫ ሳይንስ ነው። እንግሊዛዊው ላየነል ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1932 ያስቀመጠው ሐሳብ ነው። ምርጫው ባልደረሰው ልጅ ፊት ስለ ምርጫ ሳይንስ ማስተማር ቀልድ አለው፤ ያን ጊዜ ግን አልሳቅንም፣ እየገለበጥን ነበር።

ቀጥሎ አይስክሬም መጣ። ግሬጎሪ ማንኪው የተባለው የሐርቫርድ መምህር በጻፈውና ዓለምን ባዳረሰው መማሪያ ውስጥ የፍላጎት መስመር የሚሠመረው በአይስክሬም ነው። ሚኒስትሩ ያደገው ደብረ ታቦር አካባቢ ነው። ጉና ተራራ ሥር፣ ጠዋት ውርጭ በሚጋገርበት አገር፣ የአይስክሬም ዋጋ ሲቀንስ ሰው ስንት ጨምሮ ይገዛል የሚለውን በቃሉ አጥንቶ «ኤ» አገኘ። እናቱ በየሳምንቱ ቅዳሜ ገበያ ድንች ይዛ እየወጣች፣ ምርት በተትረፈረፈበት ዓመት ዋጋው ወድቆ ከደካማው ዓመት ያነሰ ይዛ ትመለስ ነበር። መጽሐፉ ለዚህም ምዕራፍ አለው፤ የገበሬው ሰብል ሲበዛ ገቢው የሚቀንስበት፣ ፍላጎቱ በዋጋ የማይለጠጥ ዕቃ። ሁለቱን ግን ማንም አላገናኘለትም። «የፈተናው መልስ የእናቴ ድንች እንደነበር የገባኝ እዚህ፣ ሌሊት መጋዘን በር ላይ ቆሜ ነው» አለኝ።

መጽሐፉን አልወቅስም፤ ማንኪው ለአሜሪካ ልጆች ነው የጻፈው፣ ለእነሱም ጥሩ አድርጎ ነው የጻፈው። ጥፋቱ የእኛ ነው። ትምህርቱን ከነምሳሌው፣ ከነቋንቋው አንሥተን አመጣነው። በአማርኛ ግን ስሙ ራሱ ግማሹን ያስተምራል፤ ምጣኔ ሀብት። መጠነ ካለው ግሥ ነው፤ ምጥን ሽሮ ከሚወጣበት። ሴት አያቴ አተሩን፣ በርበሬውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን በልኩ አድርጋ ትመጥን ነበር፤ አንዱ ቢጎድል በምን እንደሚተካ፣ በርበሬ ሲወደድ ምን እንደሚጨመር ታውቅ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ይህን መተካካት በሁለት መስመርና በአንድ ጎባጣ ኩርባ አስተማረኝ፤ አያቴን ለማስታወስ ዓመታት ፈጅቶብኛል።

የሚኒስትሩ ዲግሪ ያኔ የሦስት ዓመት ነበር፤ ዛሬ ወደ አራት ተመልሷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ያለፉት 40 ከመቶ ገደማ ነበሩ። ታናሽ ወንድሙ ከእነዚያ አንዱ ነው። እሱም ሥራ የለውም።

*

ከተመረቀ በኋላ ለሁለት ዓመት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆመ። በ2014 ዓ.ም. በጉብኝት ቪዛ ዱባይ ገባ። «ኤርፖርት ላይ ሆኜ የማስበው ቶዳሮን ነበር» ይላል፤ እኔ ስቄ ነበር፣ እሱ አልሳቀም።

ማይክል ቶዳሮ እና ጆን ሃሪስ ኬንያን እያዩ እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጡት ሐሳብ እንዲህ ይላል። ገጠሬው ወደ ከተማ የሚሄደው ከተማ ውስጥ ሥራ እንዳለ እርግጠኛ ሆኖ አይደለም። የከተማውን ደመወዝ ሥራ የማግኘት ዕድሉ ባለው ልክ አባዝቶ ነው። ዕድሉ ከሁለት አንድ ቢሆን እንኳ፣ የከተማው ደመወዝ የገጠሩን ሦስት እጥፍ ከሆነ መሄዱ ያዋጣል። ስለዚህ ሥራ ፈት የሞላበት ከተማ ሰው መሳቡን አያቆምም፤ ጭራሽ መንግሥት ከተማ ውስጥ ሥራ ሲከፍት ከተከፈተው ቦታ የበለጠ ሰው መጥቶ ሥራ ፈቱ ሊበዛ ይችላል። አል ቁዝ ላይ ይህ የሚታየው በስልክ ነው። አንድ ልጅ ይቀጠራል፤ ማታ ለሦስት ጓደኛ ይደውላል፤ ሦስቱም ለቪዛና ለትኬት መሬት ያስይዛሉ ወይም እቁብ ይበላሉ።

ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ቶዳሮ የጠየቀው የለም። ቁመቱን ጠየቁት፤ እንግሊዝኛውን ሰሙ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት መቆም ትችላለህ ወይ አሉት። ዱባይ ውስጥ ጥበቃ ለመሆን የከተማዋ የጥበቃ ተቆጣጣሪ፣ ሲራ የሚሉት መሥሪያ ቤት፣ የሚፈልገውን ሥልጠና ወስዶ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። የጥቂት ቀን ሥልጠና ነው። ማይክል ስፔንስ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 ዲግሪ ከዕውቀቱ ይልቅ ምልክት ነው ብሎ ጽፎ ነበር፤ ቀጣሪው የሰውየውን ችሎታ ማየት ስለማይችል ወረቀቱን እንደ ምልክት ያነባል፤ ለዚህና ለመሰሉ ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ኖቤል ተጋርቷል። ምልክት ግን የሚያነበው ሰው ይፈልጋል። አል ቁዝ ላይ የጥቂት ቀኑ ካርድ ይነበባል፣ የሦስት ዓመቱ አይነበብም።

ደግሞም የሦስት ዓመቱ ወረቀት ራሱ እጁ ላይ የለም። በወጪ መጋራት ነው የተማረው፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ውል ፈርሟል፤ ዕዳው እስኪከፈል ዋናው ዲግሪ አይሰጥም። እሱ የያዘው ጊዜያዊውን ነው፣ ተማሪዎች ቴምፖራሪ የሚሉትን። አሠሪ ዘንድ ሄዶ «ዲግሪ አለኝ» ቢል እንኳ ወረቀቱ መረጋገጥ አለበት፤ አዲስ አበባ በትምህርት መሥሪያ ቤቱ፣ ከዚያ በውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ በኤምባሲው፣ ከዚያ እዚህ እንደገና። ዕዳውን ለመክፈል ጥሩ ሥራ ያስፈልጋል፤ ጥሩ ሥራ ለማግኘት ዕዳው መከፈል አለበት። መጽሐፉ ለዚህም ስም አለው፤ የድህነት አዙሪት።

እና ደመወዙ ለምን አይጨምርም? የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ለውጭ አገር ሠራተኛ በሕግ የወሰነችው የደመወዝ ወለል የላትም፤ ኢትዮጵያም ለግሉ ዘርፍ የላትም። ግን ሕጉ ብቻ አይደለም። የካሪቢያኗ ሴንት ሉሺያ ተወላጅ አርተር ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1954 ያሳተመው ጽሑፍ ዛሬም በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የልማት ኢኮኖሚክስ ክፍል ይሰጣል። ፋብሪካው ቢያድግም፣ ትርፉ ቢበዛም፣ ከኋላ የማያልቅ ሰው ተሰልፎ እስካለ ድረስ ደመወዝ ከኑሮ ወለል ብዙም ከፍ አይልም። ሉዊስ ያሰበው በአንድ አገር ውስጥ ያለ ገጠርና ከተማ ነበር። የአል ቁዝ ገጠር ግን ኬራላም፣ ፔሻዋርም፣ ካትማንዱም፣ ካምፓላም፣ ደብረ ታቦርም ነው። ሚኒስትሩ ሉዊስን ሲያጠና «ትርፍ የሰው ጉልበት» የሚለውን ቃል ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ አድርጎ ነበር የሚያነበው። «ፈተና ላይ ‹ኤክስፕሌይን› ብሎኝ ጽፌያለሁ» አለኝ፤ «ስለ ራሴ መሆኑን ሳላውቅ»።

*

ከካምፑ በእግር ሊደረስ በሚችል ርቀት አልሰርካል አቬኑ አለ። ቀድሞ የእምነ በረድ ፋብሪካ የነበረበት ግቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ ባለቤቶቹ የአልሰርካል ቤተሰቦች መጋዘኖቹን እየከፋፈሉ ለሥዕል ጋለሪ፣ ለቴአትር፣ ለሲኒማ አከራዩአቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 የሆላንዱ አርክቴክት ሬም ኮልሃስ ድርጅት ከአራት መጋዘን አንድ አዳራሽ ሠራላቸው። ውጪውን ያየ ሰው ከጎረቤቱ ጋራዥ አይለየውም፤ ውስጡ ግን ሌላ ዓለም ነው። አንድ ግድግዳ፣ አንድ ቆርቆሮ፣ የተለያየ ኪራይ። የመሬት ዋጋ ከቆርቆሮው ሳይሆን ከሚመጣው ሰው መሆኑን እዚህ ማየት ይቻላል።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሚኒስትሩን ቡና ልጋብዝህ ብዬ ወሰድሁት። መግባት አልፈለገም ነበር፤ «በር ላይ የሚቆመው እኔን የሚመስል ነው፣ ያፍርብኛል» አለ። ገባን። ከባንኮኒው ጀርባ ጥቁር ሰሌዳ አለ፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ የተጻፈው ይርጋጨፌ ነው። ዋጋው ከ20 ድርሀም በላይ። ሰሌዳውን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጣቶቹን ማንቀሳቀስ ጀመረ፤ እያሰላ ነበር። «ከሦስት ሰዓት በላይ ቆሜ ነው ይህን የምጠጣው» አለ። «እዚያ የለቀመችው ሴትዮስ?»

የሴትዮዋን ማስላት ተያያዝን። አንድ ኩባያ ከ15 እስከ 20 ግራም የተቆላ ቡና ይፈጃል። አንድ ኪሎ ጥሬ ሲቆላ ክብደቱ ይቀንስና 800 ግራም ገደማ ይቀራል፤ ስለዚህ ከአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ቢያንስ አርባ ኩባያ ይወጣል። አርባ በሃያ ድርሀም፣ 800 ድርሀም። እርግጥ ነው፣ የቤቱ ኪራይ አለ፣ ማሽኑ አለ፣ ወተቱ፣ የአስተናጋጁ ደመወዝ፣ መብራቱ። ይህን ሁሉ ቀንሱለት። የቀረውም ቢሆን ጥሬውን ከሸጠው ገበሬ እጅ ከገባው ጋር ለንጽጽር አይመችም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሰው ማንሣት አለብኝ፤ ይህን ዘገባ ለመጻፍ የተነሣሁትም በእሱ ምክንያት ነው። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ አድዋ አካባቢ ተወልዶ፣ በልጅነቱ በመርከብ አውሮፓ ገብቶ፣ ጀርመንኛ ተምሮ፣ ተመልሶ የድሬዳዋ ነጋድራስ የሆነ ሰው ነው። የጉምሩክ ሹም ነበር። ወደ አገር የሚገባውንና ከአገር የሚወጣውን ዕቃ በዓይኑ ያይ ነበር፤ የሚወጣው ቡና፣ ቆዳና ሰም፣ የሚገባው ጨርቅና ብረት። ያየውን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በሚል መጽሐፍ ጻፈው። በ1911 ዓ.ም. ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ሳለ ሞተ፤ መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው።

የመጽሐፉ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ሁለት ሕዝቦች ይነግዳሉ፤ አንዱ ዕውቀት አለው፣ ሌላው የለውም። ባለዕውቀቱ በጥቂት ቀን ሥራ የሠራውን ዕቃ ይሰጣል፤ ዕውቀት የሌለው የብዙ ቀን ድካሙን በልዋጩ ያስረክባል። ገበያው ላይ ማንም ማንንም አልቀማም፤ ልውውጡ በስምምነት ነው። ግን ከዓመት ዓመት አንዱ ይበለጽጋል፣ ሌላው የእሱ ሎሌ ይሆናል። ይህ ሐሳብ፣ ጥሬ ዕቃ የሚሸጥ አገር በንግዱ ውስጥ እያለ ወደ ኋላ ይቀራል የሚለው፣ በዓለም የኢኮኖሚክስ ክፍሎች የሚታወቀው በአርጀንቲናዊው ራውል ፕሬቢሽና በሃንስ ሲንገር ስም ነው። እነሱ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ ነው፤ የድሬዳዋው ነጋድራስ መጽሐፍ ከታተመ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ። እሱ ደግሞ በአማርኛ ነው የጻፈው። እንግሊዝኛ ለመሆን እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ጠብቋል፤ ተንከር ቦንገር ተርጉሞታል። ባሕሩ ዘውዴና ዓለማየሁ ገዳ ስለ እሱ በሰፊው ጽፈዋል። እኔ በተማርሁባቸው ዓመታት ስሙ አንድ ጊዜ ተነሥቷል፤ በኢትዮጵያ ኢኮኖሚ ኮርስ፣ በመግቢያው፣ በአንድ መስመር። ሚኒስትሩ ጨርሶ አልሰማውም።

ከነጋድራሱ ወዲህ የተሞከረ ነገር የለም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2007 ኢትዮጵያ ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉት ስሞች የራሷ ንግድ ምልክት እንዲሆኑ ስምምነት አግኝታለች። እ.ኤ.አ. በ2008 እሌኒ ገብረ መድኅን የመሠረተችው የምርት ገበያ ተከፍቷል፤ እሷም በኢኮኖሚክስ ዶክትሬት ያላት ናት፣ መነሻዋ የገበሬው ዋጋ መረጃ ማጣት ነበር። ስሙ ተጠብቋል፤ ዋጋውም በሰሌዳ ታይቷል። ቡናው ግን አሁንም በአብዛኛው ጥሬውን ነው የሚወጣው። ዱባይ አንድ የቡና ዛፍ የላትም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ግን ቡና የሚከማችበት፣ የሚቆላበትና የሚታሸግበት ትልቅ ማእከል ጀበል አሊ ላይ ከፍታለች። ገብረ ሕይወት ዕውቀት ያለው ሕዝብ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ ያችን መጋዘን ማየት ይበቃል።

ይህን ሁሉ ስነግረው ሚኒስትሩ ቡናውን እየጠጣ ያዳምጥ ነበር። ሲጨርስ ኩባያውን አስቀመጠና «ያችን መጽሐፍ በስልክ ማግኘት ይቻላል?» አለኝ። ላክሁለት። በሦስት ሌሊት ዱቲ ጨረሰው። ሲደውልልኝ ስለ ዓለም ንግድ አላወራም፤ «አማርኛው ገባኝ» ነው ያለኝ። «ኢኮኖሚክስ በአማርኛ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው።»

*

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የክፍሉ ሰዎች ስልካቸው ላይ ተደፍተው አነጉ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ብር በገበያ እንዲመነዘር የለቀቀበት ቀን ነው። አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ወደ 75 ተጠጋ፣ በጥቂት ሳምንት መቶን አለፈ። የኤምሬቶች ድርሀም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በ3.6725 ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ ዶላር ወደሄደበት አብሮ ይሄዳል። በባንክ 16 ብር የማይሞላ የነበረው አንድ ድርሀም እ.ኤ.አ. 2024 ሊያልቅ ሲል 34 ብር አካባቢ ደረሰ።

ሚኒስትሩ የዚያን ጊዜ ያህል ተፈልጎ አያውቅም። ጥያቄው አንድ ነበር፤ አሁን ልላክ ወይስ ልጠብቅ? እሱ ደብተሩ ላይ ሁለት ቁጥር ጻፈ። 500 ድርሀም በፊት በባንክ 7,800 ብር ነበር፤ ያኔ 17,000 ሆኗል። ክፍሉ አጨበጨበ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጻፈ፤ «በባንክ ስትልክ የነበርህ እጅህን አውጣ።» ሁለት እጅ ወጣ። ሌሎቹ በጥቁር ገበያ ነበር የሚልኩት፤ እዚያ ደግሞ ድርሀሙ ብር ከመለቀቁ በፊትም ከ30 ብር በላይ ነበር። ለእነሱ ብዙም የተለወጠ ነገር የለም። ለሁለቱም ቢሆን ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ የትራንስፖርቱ ዋጋ ከብሩ ጋር ሩጫ ይዟል።

ኧርቪንግ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1928 «የገንዘብ ቅዠት» ብሎ ሙሉ መጽሐፍ የጻፈበት ነገር ነው፤ ሰው የገንዘቡን ቁጥር እንጂ የሚገዛውን ዕቃ አይቆጥርም። የሚኒስትሩ እናት ግን አልቃዠችም። ስልክ ደውሎ «እማዬ፣ አሁን ከእጥፍ በላይ ሆኗል» ሲላት «እጥፉን ገበያው ወሰደው ልጄ፤ አንተ ግን ተባረክ» አለችው። ብር ከዶላር ጋር በ2 ብር ከ07 ሳንቲም ታስሮ ለሃያ ዓመት ያህል የቆየበትን፣ በ1985 ዓ.ም. ወደ 5 የወረደበትን ዘመን እሷ ኖራበታለች። ፊሸርን አታውቀውም፤ ቅዳሜ ገበያን ግን ከማንም በላይ ታውቃለች።

ለኢኮኖሚክስ መምህራን አንድ ነገር ልበል። የመጀመሪያው ዓመት፣ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ፣ ከሮቢንስ ትርጓሜ በፊት፣ ለተማሪው የገብረ ሕይወትን መጽሐፍ ስጡት። ቀጥላችሁ የሠፈሩን እቁብ ደንብ ጽፎ እንዲያመጣ እዘዙት፤ እናቱ ድንቹን በስንት እንደሸጠች ጠይቆ መስመሯን እንዲያሠምር። አይስክሬሙ ሁለተኛ ሴሚስተር ይደርሳል።

አሥራ ሁለተኛው ዕጣ የሚኒስትሩ ነው። የወጪ መጋራት ዕዳውን ከፍሎ ዋናውን ዲግሪ ሊያወጣበት አስቧል። ጓደኞቹ «መጋዘኑ በር ላይ ልትሰቅለው ነው?» እያሉ ያሾፉበታል፤ እሱ አይመልስም። የሚቀጥለው ዕጣ የሚወጣው በመጪው ወር የመጀመሪያ እሑድ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። ብርጭቆው ውስጥ የሚገቡት ወረቀቶች ሰባት ናቸው።